ወደ ሌላ ስቴት ልትዛወሩ ነው? በስልክ የተነገራችሁን ዋጋ አትመኑ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ወደ ቴክሳስ፣ ወደ ኔቫዳ፣ ወደ ጆርጂያ የሚዛወር ሰው ይበዛል። የቤት ኪራይ ያባረረው አለ፤ ቤት ልግዛ ብሎ የሚሄድም አለ። ዕቃችሁን በኩባንያ ልታስጭኑ ካሰባችሁ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከመላካችሁ በፊት ይህችን አንብቧት።

ነገሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ላይ ዋጋ ለማወዳደር ብላችሁ ስልክ ቁጥራችሁን አንድ ቦታ ትሞላላችሁ። ወዲያው ስልካችሁ ይጮኻል፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንት እረፍት የለም። ከደዋዮቹ አንዱ ከሁሉም ረከስ ያለ ዋጋ ይነግራችኋል። ጨዋ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ ነው። ስንት መኝታ ቤት እንዳላችሁ፣ ሶፋው ስንት ሰው እንደሚይዝ ይጠይቃል። «ይህ ዋጋ የሚሠራው እስከ ዛሬ ማታ ብቻ ነው» ይልና የካርድ ቁጥር ይቀበላል። ቤታችሁን ግን በአካል ቀርቶ በቪዲዮ እንኳ አላየውም።

ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድም መኪና የለውም። ደላላ ነው። ድለላው ራሱ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ብሮከር መሆኑን ግን በማስታወቂያው ላይ መግለጽ ግዴታው ነው፤ ሥራውን ማስተላለፍ የሚችለውም ፈቃድ ላላቸው አጓጓዦች ብቻ ነው። ጣጣው ያለው ዋጋ የነገራችሁ ሰው ሌላ፣ ዕቃችሁን የሚጭነው ሰው ሌላ መሆኑ ላይ ነው። ቅድሚያ የከፈላችሁት ደላላው ኪስ ይቀራል። የሚመጣው ጫኝ ደግሞ «እኔ ያልኩት ዋጋ የለም» ይላችኋል።

የአክስቴ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዳላስ ስትሄድ የገጠማት ይኸው ነው። በስልክ የተባለችው 450 ኪዩቢክ ፊት (ዕቃው መኪናው ውስጥ የሚይዘው ቦታ የሚለካበት ነው)፣ እያንዳንዱ በ5 ዶላር፣ በድምሩ 2,250 ዶላር ነበር። ከዚያ ላይ 600ውን በካርድ አስቀድማ ከፈለች። መኪናው በቀጠሮው ቀን ቀርቶ በማግስቱ ማታ መጣ። የኪራይ መኪና ነው፤ የድርጅት ስም የለበትም። ግማሹ ዕቃ ከተጫነ በኋላ የጫኞቹ አለቃ መኪናው ውስጥ ገባና ሜትሩን ዘረጋ። በካርቶኖቹና በጣሪያው መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሳይቀር ለካው። «820 ደርሷል» አላት። የደረጃ፣ የፕላስቲክ መጠቅለያ፣ የፍራሽ ከረጢት ሲደማመርበት 4,980 ዶላር ሆነ። ታብሌት አቀበላት፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የፊርማው ቦታ ብቻ ነው። የአፓርታማውን ቁልፍ ጠዋት ማስረከብ አለባት። አልጋዋ ተፈታትቶ መኪናው ላይ ነው። በዚያ ሰዓት አልፈርምም የሚል ሰው ከየት ይመጣል?

ከቀሪው ግማሹን እዚያው፣ ግማሹን ዕቃው ሲደርስ እንድትከፍል ተነገራት፤ በካሽ ወይም በፖስታ ቤት መኒ ኦርደር ብቻ። ፖስታ ቤት አንዱን መኒ ኦርደር ከ1,000 ዶላር በላይ ስለማይሸጥ፣ ዳላስ ላይ 2,190 ዶላር ለመክፈል ሦስት ገዛች። ክሬዲት ካርድ ለምን እንደማይወዱ ግልጽ ነው፤ በካርድ የተከፈለን ገንዘብ ከፋዩ በባንክ በኩል ተከራክሮ ሊያስመልሰው ይችላል። ዕቃው የደረሰው ሳምንታት ዘግይቶ ነው። የእናቷ መሶብ ላይ ማይክሮዌቭ ጭነውበት ክዳኑ ተጨፍልቋል።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? ከስቴት ወደ ስቴት የሚደረግ የቤት ዕቃ ማጓጓዝን የሚቆጣጠረው፣ በፌዴራሉ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥር ያለው ኤፍ ኤም ሲ ኤስ ኤ የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። (እዚያው ስቴት ውስጥ ከሆነ የምትዛወሩት፣ ደንቡ የየስቴቱ ነው።) በዚህ ደንብ ሁለት ዓይነት ኢስቲሜት፣ ማለትም የዋጋ ግምት፣ አለ። አንደኛው ባይንዲንግ ይባላል፤ በእኛ አነጋገር ቁርጥ ዋጋ ነው። የተጻፈውን ከከፈላችሁ ዕቃችሁን ማስረከብ አለበት። ሁለተኛው ነን ባይንዲንግ ነው፤ ዋጋው ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ግን እዚህም ጣሪያ አለው። ዕቃው ሲደርስ ከግምቱ 110 ፐርሰንት በላይ ካልከፈላችሁ አላወርድም ማለት አይችልም። ግምቱ 3,000 ዶላር ከነበረ 3,300 ከፍላችሁ ዕቃችሁን ትረከባላችሁ፤ ቀሪ አለ ከተባለ ከ30 ቀን በኋላ ቢል ይላክላችኋል። ኋላ ላይ እናንተው ራሳችሁ የጨመራችሁት አገልግሎት ካለ ሒሳቡ ለብቻው ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ። ጫኙ «ዕቃው ከተባለው በዝቷል» ካለ፣ አዲስ ግምት ጽፎ መስማማት ያለበት ከመጫኑ በፊት ነው። አዲስ ስምምነት ሳይኖር ከጫነ፣ በድሮው ግምት እንደጸና ይቆጠራል። ለዚህ ነው ግማሹ ከተጫነ በኋላ ያቺን ታብሌት ይዘው የሚሯሯጡት። ፊርማችሁን ካላገኙ ወረቀቱ የሚመሰክረው ለእናንተ ነው። ስለዚህ ሙሉ ጽሑፉን ሳታዩ፣ ወይም ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ላይ፣ ቢመሽም ቢነጋም አትፈርሙ። «ነገ ቁልፍ አስረክባለሁ» ብላችሁም አትንገሯቸው። ከቻላችሁ በጫናችሁበትና ቤቱን በምትለቁበት ቀን መካከል አንድ ሁለት ቀን ተዉ። ለአንድ ሁለት ቀን የሚከፈለው ኪራይ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ከመደራደር ይረክሳል።

በኪዩቢክ ፊት የሚያስከፍል ሰው ሲገጥማችሁ ጠንቀቅ በሉ። ክብደት ሚዛን አለው፤ ሚዛኑም ወረቀት ይሰጣል። ሲመዘን ቆሞ ማየት መብታችሁ ነው፤ ከመራገፉ በፊት በነጻ እንደገና ይመዘን ማለትም ትችላላችሁ። ኪዩቢክ ፊት ግን ሜትሩን የያዘው ሰው ያለው ነው።

ከሁሉ በፊት የዩ ኤስ ዶት ቁጥራቸውን፣ ማለትም በትራንስፖርት ሚኒስቴሩ የተመዘገቡበትን ቁጥር፣ ጠይቁ። የኤፍ ኤም ሲ ኤስ ኤ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡት ፈቃዱ ለቤት ዕቃ ማጓጓዣ መሆኑን፣ አጓጓዥ ይሁን ብሮከር፣ ምን ያህል አቤቱታ እንደቀረበበት ያሳያችኋል። ኩባንያው ከተመዘገበ ገና ጥቂት ወሩ ከሆነ ቆም በሉ። ስማቸው ሲጠፋ እንደ እስስት ቀለም ቀይረው፣ በአዲስ ስምና በአዲስ ቁጥር የሚመጡ አሉ። ስልክ ሲያነሱ የኩባንያውን ስም ሳይጠሩ እንዲያው «ሙቪንግ ካምፓኒ» ብቻ የሚሉም ጥሩ ምልክት አይደሉም። ሪቪው ብዙም አታምኑ፤ የሚገዛ ነገር ነው።

አንድ ነገር በጎን ልጨምር። በእኛው ማኅበረሰብ ውስጥ መኪና ያለው ልጅ አለ፣ ርካሽ ነው፣ የአገር ልጅ ነው ይባላል። ልጁ ደግ ሊሆን ይችላል። ግን ፈቃድና ኢንሹራንስ ሳይኖረው በክፍያ ስቴት አቋርጦ የሰው ዕቃ ማጓጓዝ አይችልም፤ ቴነሲ ላይ መኪናው ቢገለበጥ የምትጠይቁት ማንን ነው? የአገር ልጅነት ዕቃ አይተካም።

ስለ ኢንሹራንስ ካነሳን፣ «ሁሉም ኢንሹር ነው» የሚለውን ወሬ እንዲሁ አትቀበሉ። በነጻ የሚሰጠው ሽፋን ለአንድ ዕቃ በፓውንድ 60 ሳንቲም ነው። 40 ፓውንድ የሚመዝን ቴሌቪዥን ተሰብሮ ቢመጣ የሚከፈላችሁ 24 ዶላር ነው። 20 ፓውንድ የሚሆን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ 12 ዶላር። ሙሉ ዋጋ የሚሸፍነው ሌላው ነው፤ በጽሑፍ ካልተዋችሁት በስተቀር የሚሰጣችሁም እሱ ነው። ችግሩ በዚያች ታብሌት ላይ ሳታዩት ትተዉታላችሁ። ፓስፖርት፣ የዜግነት ወረቀት፣ ወርቅ፣ የሠርግ ፎቶ በእጃችሁ ይሂድ።

የራሴን አስተያየት ልናገር፤ ብዙው ዕቃ መጓዝም የለበትም። ሶፋውንና የምግብ ጠረጴዛውን ሽጡና የቀረውን በኪራይ መኪና ራሳችሁ ንዱት፤ ወይም ደጃችሁ ቆሞ ራሳችሁ የምትሞሉትን ኮንቴይነር አስመጡ። ወገብ ያማል፤ ቢያንስ ግን ዕቃችሁን የያዘባችሁ ሰው የለም።

ዕቃችሁ አሁን ተይዞባችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ኢስቲሜቱን፣ የተፈረመውን ቢል ኦቭ ሌዲንግ (የማጓጓዣ ውሉን) እና የቴክስት መልእክቶቹን ሰብስቡ። በግምቱ መሠረት የሚገባውን ገንዘብ ለመክፈል ዝግጁ መሆናችሁን በጽሑፍ ላኩላቸው። ከዚያ 1-888-368-7238 ደውላችሁ ለኤፍ ኤም ሲ ኤስ ኤ አቤቱታ አስገቡ፤ ለስቴታችሁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮም እንዲሁ። ፖሊስ የሲቪል ጉዳይ ነው ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል፤ ቢሆንም የሪፖርት ቁጥሩን ተቀበሉ። ዕቃው ሲደርስ ከመፈረማችሁ በፊት የተሰበረውን ኢንቬንተሪው (የዕቃው ዝርዝር) ላይ ጻፉ። ኩባንያውን ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርግ ዓረፍተ ነገር ካለበት ሰርዙት። የካሳ ጥያቄውን ለማስገባት ከርክክቡ ጀምሮ 9 ወር አላችሁ፤ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ መቀበሉን፣ በ120 ቀን ውስጥ ደግሞ መክፈል አለመክፈሉን ማሳወቅ አለበት።