«ለጌም ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ራውተር፣ ከስምንት ወር በኋላ

ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት። ታናሽ ወንድሜ ያለው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እዚያ ገና ቀትር ነው። እኔ ጆይስቲኬን ይዤ ሳሎን ቁጭ ብያለሁ። ወንድሜ የጨዋታ ግብዣ ይልክልኛል። ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይቋረጣል። ከዚያ በቴሌግራም «ወንድም ጋሼ፣ ድምፅህ አይሰማኝም» ብሎ ይጽፍልኛል። አራት ወር ሙሉ ቅዳሜያችን እንዲህ ነበር የሚያልፈው።

ራውተሩን የገዛሁት ለዚሁ ለቅዳሜ ነበር። ባለ አራት አንቴና፣ ካርቶኑ ላይ ጆይስቲክ የተሳለበት። ሻጩ «አለቃ፣ ይሄ ለጌም የተሠራ ነው፤ ሰክተህ መጫወት ነው» አለኝ። ዋይፋዩ ጥሩ ነው፣ ጓዳ ድረስ ይደርሳል። ስለ ዋይፋዩ ሌላ የምለው የለኝም።

ፕሌይስቴሽኑ ላይ ግንኙነቱን ስፈትሽ ሁሌ «ኤንኤቲ ታይፕ 3» ይለኝ ነበር። ኤንኤቲ ማለት ራውተሩ የቤቱን ዕቃዎች በአንድ የውጭ አድራሻ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝበት መንገድ ነው። 1 ወይም 2 ቢሆን ደህና ነው። 3 ከሆነ ግን አንተ ወደ ውጭ ትወጣለህ፣ ሌላው ተጫዋች ወደ አንተ መግባት ይቸግረዋል። ፊልም ያለችግር እያየሁ ጌሙ ላይ ስደርስ የሚያቅተኝ ለዚህ ነበር። እኔ ግን የፍጥነት ችግር መስሎኝ ፓኬጅ አሳደግኩ። ገንዘቡ ወጣ፣ 3 ቁጥሯ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ቀጥዬ ፖርት፣ ማለትም ጌሙ ከውጭ የሚመጣለትን የሚቀበልበትን ባለ ቁጥር በር፣ ራውተሩ ላይ መክፈት ጀመርኩ። 3074ን ለፕሌይስቴሽኑ ከፈትኩ። ለውጥ የለም። ጭራሽ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ለቤቱ ዕቃዎች የኔትወርክ አድራሻ (አይፒ) እንደ አዲስ ያድላል። አንድ ቀን ገብቼ ባየው የከፈትኩት ፖርት የሚያመለክተው የእህቴን ስልክ ነው! ፖርት የምትከፍቱ ሰዎች፣ መጀመሪያ የፕሌይስቴሽኑን አድራሻ ቋሚ አድርጉት።

መልሱ የተገኘው ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ፣ ማንም በማያየው ገጽ ላይ ነው። ከውጭ የተሰጠው አድራሻ 192.168.1.4 ይላል። ደጋግሜ አየሁት። በ192.168 የሚጀምር አድራሻ እኮ የቤት ውስጥ አድራሻ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ የለም። ራውተሬ የተገናኘው ከኢንተርኔት ጋር ሳይሆን ከፋይበሩ ሞደም ጋር ነበር። ሞደሙ ደግሞ ራሱ ራውተር ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት አጥር፣ ሁለት ዘበኛ። የውስጡን ዘበኛ «እንግዳ ሲመጣ አስገባ» ብዬዋለሁ። የውጭው ግን ምንም አልተነገረውም፤ እንግዳዬን ከበር ይመልሰዋል።

ራውተሩን ዋይፋይ ብቻ ወደሚያሰራጭበት፣ አክሰስ ፖይንት ወደሚባለው ሞድ ቀየርኩት። አድራሻ ማደሉንም በር መጠበቁንም ለሞደሙ ተወ። ሞደሙ ላይ ዩፒኤንፒን አበራሁ፤ ጌሙ የሚፈልገውን ፖርት ራሱ ጠይቆ ያስከፍታል። ሁሉንም አጥፍቼ አበራሁና ፈተሽኩ። ታይፕ 2። በዚያው ማታ ወንድሜ ገባ፤ ከኋላው የልጁ ለቅሶ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

ታዲያ ደስ ብሎኝ ልተኛ ስል አንድ ነገር አየሁ። አክሰስ ፖይንት ሲሆን ያ ለጌም ቅድሚያ ይሰጣል የተባለው ክፍል ጠፍቷል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ሁሉ አይሠራም። ጌም ለመጫወት የጌም ራውተሩን ጌምነት ማጥፋት ነበረብኝ ማለት ነው። የከፈልኩት ግን ለእሱ ነበር።

ሻጩ «ሞደሙን ብሪጅ አስደርገው»፣ ማለትም ሞደሙ ራውተርነቱን ትቶ መስመሩን ብቻ ያሳልፍ፣ እንደሚለኝ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ያኔ ራውተሩ ሙሉ ሥራውን ይሠራል። እኔም ኢንተርኔት አቅራቢው ጋ ደውዬ ጠይቄያለሁ። «ኢንተርኔቱ ይሠራል አይደል?» ተባልኩና ተዘጋ። አንተ ሻጩ፣ ይህን ሁሉ አንቴና ስትቆጥርልኝ «ቤትህ ያለው ሞደም ምን ዓይነት ነው?» ብለህ አንዴ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? አራት ወር ይተርፍልኝ ነበር።

ሞደማችሁ ላይ ያለው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ገንዘባችሁን ያዙ። ያ ማለት አቅራቢው አንድ አድራሻ ለብዙ ቤት አካፍሏል ማለት ነው። ሁለተኛው አጥር ያለው እነሱ ጋ ስለሆነ ምንም ራውተር አያፈርሰውም። ከአቅራቢው የራሳችሁ የሆነ፣ ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት ፐብሊክ አድራሻ ጠይቁ።

እኔ አሁን ብሆን ይህን ራውተር አልገዛውም። ርካሽ አክሰስ ፖይንትና ከሞደሙ እስከ ፕሌይስቴሽኑ የሚደርስ ኬብል ይበቃኝ ነበር።