አምስታር 2፦ አሠራሩን ይፈትሻል፣ ቁጥሩን ግን ያሳልፋል

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አምስታር 2፣ የሕክምና ሲስተማቲክ ሪቪዎችን (በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን በሥርዓት ሰብስበው የሚያጠቃልሉ ጽሑፎችን) ጥራት ለመመዘን የተዘጋጀ፣ በነፃ የሚገኝ መጠይቅ ነው። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው 11 ጥያቄ ነበረው፤ ይኼኛው 16 አለው፤ ከነዚህም 7ቱ ወሳኝ ተብለው ተለይተዋል። ነጥብ አይደመርበትም፤ ትልቁ ጥንካሬውም ይኸው ነው፤ በጥቃቅኑ ጥያቄ ተጠራቅሞ ዋናውን ጉድለት የሚሸፍን ውጤት አይኖርም። አንድ ወሳኝ ጉድለት የተገኘበት «ዝቅተኛ»፣ ከአንድ በላይ የተገኘበት «እጅግ ዝቅተኛ» ይባላል።

ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል። 2ኛው ጥያቄ አስቀድሞ የተጻፈ ፕሮቶኮል (የሥራ ዕቅድ) ይፈልጋል፤ 7ኛው ደግሞ ሙሉ ጽሑፋቸው ተነቦ የተጣሉትን ጥናቶች ዝርዝር ከነምክንያቱ። ብዙ ጸሐፊዎች ስንት እንደጣሉ ብቻ ጠቅሰው ያልፋሉ። ሁለቱ ከጎደሉ የቀረው ሁሉ ቢሟላም ደረጃው ወለል ላይ ያርፋል። «የለም» ብሎ ከመሙላት በፊት አባሪ ፋይሉን መክፈት ይበጃል፤ ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚደበቀው።

የኅትመት አድልዎን (ውጤት ያላሳዩ ጥናቶች ሳይታተሙ መቅረታቸውን) የሚመለከተው 15ኛው ጥያቄም ጥንቃቄ ይሻል። ከ10 ባነሱ ጥናቶች ላይ የተሠራ የፈነል ፕሎት (ይህን አድልዎ ለመፈለግ የጥናቶቹን ውጤት ከትክክለኝነታቸው አንጻር የሚያሳይ ሥዕል) ፈተና አቅም ስለሌለው፣ «አድልዎ አልተገኘም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ከሁሉ የከፋው ክፍተት ግን ቁጥሩ ላይ ነው። ከመጠይቁ አንድም ጥያቄ መዛኙን ወደ ዋናው ጥናት ሰንጠረዥ አይመልሰውም። በአንድ ቡድን 100 ሰው ያለበት ጥናት ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (የሰዎቹ ውጤት ከአማካዩ የሚርቅበት መጠን) 10 ከሆነ፣ ስታንዳርድ ኤረሩ (የአማካዩ ግምት ሊዛባ የሚችልበት መጠን፤ ዴቪዬሽኑ ለሰው ብዛት ካሬ ሥር ሲካፈል) 1 ነው። ጸሐፊው ተሳስቶ 1ን በዴቪዬሽን ቦታ ለሁለቱም ቡድን ካስገባ፣ የአማካዮችን ልዩነት በቀጥታ በሚያጠቃልል የፊክስድ ኢፌክት ስሌት (ጥናቶቹ ሁሉ አንድ እውነተኛ ውጤት ይለካሉ ብሎ፣ ስሕተቱ ላነሰው የበለጠ ክብደት የሚሰጥ) የጥናቱ ክብደት 100 እጥፍ ያድጋል፤ አንድ ጥናት ብቻውን መደምደሚያውን ይዞ ይሄዳል። አምስታር 2 ይህን ሪቪው «ከፍተኛ» ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል። ሦስት ቡድን ባለው ሙከራ አንዱ የማነጻጸሪያ ቡድን ሁለቴ ሲቆጠርም እንዲሁ በቀላሉ ያመልጠዋል።

መጠይቁን ሁለት ሰው ለየብቻ ይሙላው፤ 7ቱ ለመነሻ የቀረቡ ስለሆኑ፣ ለጉዳዩ የትኞቹ ጥያቄዎች ወሳኝ እንደሚሆኑም ሪቪው ከመነበቡ በፊት ይወሰን። ከዚያ ፎረስት ፕሎቱ (የእያንዳንዱን ጥናት ውጤት ከነስሕተት ወሰኑ በመስመር የሚያሳየው ሥዕል) ላይ ከተሳታፊው ብዛት አንጻር መስመሩ ከልክ በላይ ያጠረውን ጥናት ፈልጉና ዋናውን ጽሑፍ አውጡ። የገባውን ዴቪዬሽን በቡድኑ ብዛት ካሬ ሥር አባዙት፤ ውጤቱ ከሌሎቹ ጥናቶች ዴቪዬሽን ጋር ከተቀራረበ፣ የገባው ስታንዳርድ ኤረር ሳይሆን አይቀርም።