ሌሊቱን የጠየቀችን ነርስ

ይህን ጽሁፍ ከወር በፊት መጻፍ ነበረብኝ። አባዬን ቤት ድረስ እየመጣች የምትከታተልልን ነርስ አለች፣ ሲስተር ነው የምንላት። ስሟን እዚህ እንዳላወጣ ለምናኛለች፣ ቃሌንም ሰጥቻታለሁ። ምስጋናው ግን በአደባባይ ይሁን።

አባዬ ፓርኪንሰን ከያዘው ስድስት ዓመት ሆነው። በእነዚህ ዓመታት የተጠየቅነው ሁሉ ስለ ቀኑ ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል? እርምጃው እንዴት ነው? ወድቆ ያውቃል? በፊት እንታከምበት የነበረው ክሊኒክ ስለ ሌሊቱ አንድም ቀን አልጠየቀንም፣ እኛም እንቅልፍ ማጣቱ የእርጅና ነው ብለን ዝም አልን። የሚገርመው፣ በሽታው ስሙን የወሰደበት እንግሊዛዊ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ገና በ1817 እ.ኤ.አ. የታማሚዎቹ እንቅልፍ እንደሚታወክ ጽፎ ነበር።

ሲስተር በመጀመሪያው ቀን የአባዬን ግፊት ለክታ ስትጨርስ እማዬን ለብቻዋ ወደ ሌላ ክፍል ወሰደቻትና "እማማ፣ ሌሊቱስ እንዴት ነው? እርስዎ ይተኛሉ?" አለቻት። እማዬ አለቀሰች። ለካ አባዬ በእንቅልፍ ልቡ ይጮኻል፣ ይራገጣል፣ ይማታል። አንድ ሌሊት ክንዷን በቡጢ መትቷት በልዞ ነበር፣ ለእኛ ግን በር መታኝ ነው ያለችን። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እጁን አንስቶባት የማያውቅ ሰው! ጠዋት ሲነሳ ምንም አያስታውስም፣ እሷም እንዳያፍር ብላ ደብቃዋለች። ሲስተር እሱን ትታ እሷን የጠየቀችው ለዚህ ነው፣ የተኛ ሰው ራሱን አያይም።

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ህልም በብዛት በምናይበት የእንቅልፍ ጊዜ አንጎል ጡንቻዎቻችን እንዳይንቀሳቀሱ ያግዳቸዋል፣ በህልማችን እየሮጥን እግራችን ጸጥ ብሎ የሚተኛው በዚህ ነው። ፓርኪንሰን ባለባቸው ብዙ ሰዎች ላይ ይህ እገዳ ይላላና ሰውየው በህልሙ የሚታገለውን በአካሉም ይታገለዋል። መንቀጥቀጡ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመታት በፊት ሊታይ እንደሚችልም ነገረችን። እማዬ ይሄኔ "እኮ! ጡረታ ሳይወጣ ጀምሮ ይጮህ ነበር" አለች።

ለሁለት ሳምንት ደብተር አስያዘችን። ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ሰዓት ነቃ፣ የትኛውን መድኃኒት መቼ ወሰደ። ደብተሩ ብዙ አወጣ። አባዬ ሁልጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ይነቃል፣ ሰውነቱ ደርቆ መገላበጥ ያቅተዋል፣ ምክንያቱም ማታ የወሰደው ሌቮዶፓ፣ ሰውነቱን የሚያፍታታለት ዋናው መድኃኒት፣ በዚያ ሰዓት ኃይሉ አልቋል። ሴሌጂሊን የሚባለውን ሌላውን የፓርኪንሰን መድኃኒቱን ደግሞ ሁሉንም አንዴ ይውሰድ ብለን እኛው ወደ ማታ አዙረነው ነበር። እሱ ሰውነት ውስጥ ሲፈራርስ የሚያነቃቃ ነገር ይወጣዋል፣ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል። ይህን ሳውቅ ሆዴ ተላወሰ።

ሲስተር ግን አንድም ክኒን በራሷ አልነካችም። ደብተሩን ይዛ አብራን የነርቭ ሐኪሙ ጋ ሄደች። ሐኪሙ ሴሌጂሊንን ወደ ጠዋት መለሰው፣ ለመኝታ ቀስ እያለ የሚለቅ ሌቮዶፓ አዘዘ፣ ለህልሙ ሜላቶኒን የሚባል የእንቅልፍ ሆርሞን ጨመረ። ለዚሁ የሚሰጥ ክሎናዜፓም የሚባልም አለ፣ ግን ያደነዝዛል፣ አባዬ ደግሞ ስለሚወድቅ ተወው። እኔ መጀመሪያ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የእንቅልፍ ክኒን ልገዛለት ነበር። ሲስተር ተቆጣችኝ፣ ከእነሱ አንዳንዶቹ እንደ አባዬ ያለን ሰው ግራ ያጋባሉ፣ ያቃዣሉ።

የመኝታ ክፍሉንም ገለበጠችው። ኮሞዲኖው ከራስጌው ተነሳ፣ አልጋው ዝቅ አለ፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጠፈ፣ ለእማዬ የራሷ አልጋ ገባላት። በቀላሉ እንዲገላበጥ የሚያንሸራትት ፒጃማ አስገዛችን። ጉልበቱን አጥፎ፣ ክንዱን ወርውሮ እንዴት እንደሚዞር አስተማረችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሲዞር "በቃ ዞርኩ?" ብሎ ጠየቃት፣ እሷም አጨበጨበችለት። ሌሊት ሲነሳም ግፊቱ በድንገት እንዳይወርድና እንዳይወድቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቆየት ብሎ ይነሳል።

ሁሉም አልተስተካከለም። ለሽንት አሁንም ሁለት ሦስቴ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላም ያንቀላፋል። መማታቱ ግን በጣም ቀንሷል፣ እማዬም ትተኛለች። የተኛች እናቴን ፊት ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነበር!

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን። ላደረግሽልን ሁሉ።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ታማሚ ካለ በሙሉ ልቤ እጠቁማታለሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉላት ግን ሌሊት አብሮት የሚያድረው ሰው ቢያናግራት ይሻላል፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።