ፋይል ቁጥር 9ን ሳትከፍቱ ብር እንዳትከፍሉ

ፍላሽ ላይ ፊልም ከሚጭነው ቤት መመለሴ ነው። አባዬ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘግቷል። እናቴ ምን እንደተፈጠረ ሦስት ጊዜ ጠይቃኝ መልስ አልሰጠኋትም። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው፤ ነገ ከሆነ «ይሁን፣ ትንሽ ብር ነው» ብዬ እንደምተወው ራሴን አውቃለሁ።

የቤቱን ስም አልጠራም። ጅማ ውስጥ ፍላሽ ይዞ ፊልም ያስጫነ ሰው ሁሉ ዓይነቱን ያውቀዋል፤ ፈረንጅ አራዳም ሂዱ መርካቶ ያው ነው። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የፊልም ዝርዝር፣ ጆሮ ማዳመጫውን ከጆሮው የማያወልቅ ልጅ። ፍላሻችሁን ትሰጣላችሁ፣ የምትፈልጉትን ትናገራላችሁ፣ «ከአንድ ሰዓት በኋላ ነይ» ትባላላችሁ፣ ስትመለሱ ከፍላችሁ ትወስዳላችሁ። እዚያ ቆሞ ፋይሉን አንድ በአንድ የሚከፍት የለም። እኔም አልከፈትኩም።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ እንዲገባችሁ ስለ አባዬ ልንገራችሁ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ኬሚስትሪ ነበር የሚያስተምረው። ድራማ ሲያይም እንደ መምህር ነው የሚያየው፤ ማርክ ይሰጣል። ማርኩን የሚሰጠው ደግሞ ለመጨረሻው ሲዝን ብቻ ነው። «መጀመር ማንም ይጀምራል» ይላል። ኢኩዌሽን ባላንስ እንደማድረግ ነው የሚለው፤ በግራ በኩል የገባው ሁሉ በቀኝ በኩል መውጣት አለበት፣ ያልገባ ነገር ደግሞ ከየትም መጥቶ መውጣት የለበትም።

በዚህ ሚዛን ስንቱን ጥሎታል። ጌም ኦፍ ትሮንስን ስንጨርስ ለሁለት ቀን አኩርፎ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሲዝኖች እያንዳንዳቸው 10 ክፍል ነበራቸው፣ ሰባተኛው ወደ 7 ወረደ፣ የመጨረሻው 6 ብቻ ሆነ። ድራማው የተነሳበት መጽሐፍ አምስተኛው ቅጽ በ2011 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ወጥቶ ቀጣዩ ሳይደርስ ስለቀረ ጸሐፊዎቹ የሚከተሉት አጥተው በራሳቸው ሮጡ። ስምንት ሲዝን ሙሉ ስናውቃት የኖርናት ልጅ በአንድ ደወል ድምፅ ሌላ ሰው ስትሆን አባዬ «ይሄ ሪአክሽን ጊዜ አልተሰጠውም» አለ። እንደገና ይሠራልን ብለው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰዎች መፈረማቸውን ስነግረው «እኔስ የት ነበርኩ?» ብሎ ተቆጣኝ። ፕሪዝን ብሬክም ያው ነው። በ2009 መቃብሩን አሳይተው ያስለቀሱንን ሰው በ2017 አስነስተው ዘጠኝ ክፍል ጨመሩለት። እናቴ በደስታ እልል አለች፣ አባዬ ግን «ከየትም የመጣ» ብሎ ዜሮ ሰጠው። እናቴ ቃና ላይ የምታያቸውን የቱርክ ድራማዎች ጭራሽ ማርክ አይሰጣቸውም፤ እዚያ አገር ተመልካች ሲቀንስ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጨርሱ ስለሚባሉ፣ አጨራረሳቸው የደራሲው ይሁን የጣቢያው አይለይም ይላል።

ብሬኪንግ ባድ ግን ሌላ ነገር ነበር። ታሪኩ የኬሚስትሪ መምህር ነው። መጀመሪያ «መምህር ዕፅ አያበስልም» ብሎ አላይም አለ፤ ከሁለተኛው ክፍል በኋላ ግን ያለ እሱ መክፈት ቀረ። 4 ሲዝን፣ 46 ክፍል፣ እኔ እየተረጎምኩለት አብረን አየን። የመጨረሻው 16 ክፍል ቀረን። ሥራውን የሚያሳየው ጣቢያ ገና በ2011 ለጸሐፊዎቹ 16 ክፍል ብቻ ቀርቷችኋል ብሎ ነግሯቸው ስለነበር የቀራቸውን ቆጥረው ነው የጻፉት። ይህን ስነግረው ዓይኑ በራ። «እንግዲህ ባላንስ ያደርገዋል» አለ። ድራማው ካለቀ፣ ማለትም ከመስከረም 2013 እንደ ፈረንጅ፣ ስንት ዓመት ሆነው? በዚህ ሁሉ ጊዜ አባዬ መጨረሻውን ሳይሰማ ነው የቆየው። የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ ሊነግረው ሲል ስልኩን ዘግቶበታል። እንዲህ ተጠብቆ የኖረ ነገር ነው።

እና እኔ ሄጄ አስጫንኩ። የአምስት ድራማ የመጨረሻ ሲዝን፣ አንዱን በ120፣ በጠቅላላው 600 ብር። «ሙሉ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ፎልደሩን ከፍቶ አሳየኝ፤ ከ1 እስከ 16 ተደርድሯል። «ቁጠሪ» አለኝ። ቆጠርኩ። አሥራ ስድስት። ከፍዬ ወጣሁ። መቁጠሬን እንደ ማጣራት ቆጠርኩት፤ አሁን ሳስበው ያቃጥለኛል።

ከማክሰኞ እስከ አርብ በየማታው ሁለት ሁለት አየን። ስምንተኛው የሚያልቀው የመምህሩ ሚስት እህት ባል፣ የጸረ ዕፅ መርማሪው፣ ሽንት ቤት ተቀምጦ አንድ መጽሐፍ ገልጦ ሲፈዝ ነው። (ያላያችሁ ይቅርታ፣ ከዚህ በላይ አልናገርም።) አባዬ ከሶፋው ተነሥቶ «አወቀ! አወቀ!» እያለ ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ዞረው። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ የወሰደው አይመስለኝም።

ትናንት ማታ እናቴ ቡና አፈላች፣ ፈንዲሻ ተፈነደሸ፣ ፋይል 9ን ከፈትኩ።

መምህሩ ሰውዬ ጢሙን አሳድጎ ምግብ ቤት ተቀምጧል፤ ሳህኑ ላይ ያለውን ጥብስ እየቆራረሰ 52 የሚል ቁጥር ይሠራል። የልደቱ ቀን ነው። እናቴ ወዲያው «ይሄን አይተነዋል» አለች። እውነቷን ነበር፤ የሲዝኑ የመጀመሪያ ክፍል የሚከፈተው በዚሁ ነው። ነገር ግን ያ ትዕይንት ወደፊት የሚሆነውን አስቀድሞ የሚያሳይ ስለሆነ እኔ በራሴ ተማምኜ «ተመልሶ እየመጣበት ነው፣ አሁን ነው የሚገናኘው» አልኩ። አባዬም ተደሰተ። «በድራማው የመጀመሪያ ክፍል፣ በሲዝን 1፣ ሚስቱ 50 ብላ ሠርታለት ነበር፣ አያችሁ? ምንም አልጣለም!» አለ። እናቴ እንደገና «ልጄ፣ አይተነዋል እኮ» አለች። «እማዬ ዝም በይ፣ ታበላሺብናለሽ» አልኳት። እናቴን እንዲህ ብዬ ተናገርኳት። ሩብ ሰዓት ሙሉ አየን። ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ማስረጃውን ማጽዳት ሲጀምር፣ አባዬ ፈንዲሻውን እጁ ላይ እንደያዘ፣ ቀስ ብሎ «ማክሰኞ ያየነው ነው» አለ።

10ን ከፈትኩ፣ 2 ነው። 11ን ከፈትኩ፣ 3 ነው። 16ን ከፈትኩ፣ ያው ሽንት ቤት፣ ያው መጽሐፍ። ከዚያ የፋይሎቹን መጠን አየሁ። 1 እና 9 እስከ መጨረሻዋ ቁጥር እኩል ናቸው። 2 እና 10 እኩል ናቸው። ስማቸውን ብቻ ለውጦ አንዱን ግማሽ ሁለት ጊዜ ሸጦልኛል። ይህ ሲዝን 8ቱ በ2012፣ 8ቱ በ2013 ተከፍሎ የታየ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነበር እጁ ላይ ያለው ማለት ነው። መኒ ሄይስትንም ከፈትኩት። የመጨረሻው ሲዝኑ በ2021 አምስቱ በመስከረም፣ አምስቱ በታኅሣሥ ወር ነው የወጣው፤ እዚያም ከ6 እስከ 10 ያለው 1 እስከ 5 ተደግሞ ነው።

ዛሬ ስሄድ አባዬ «እኔ ላነጋግረው፣ አንቺ ትቆጪያለሽ» ብሎ ተከተለኝ። በዝናብ በባጃጅ ሄድን። ያው ልጅ ነበር። ጆሮ ማዳመጫውን አላወለቀም። ነገርኩት።

«ሙሉ ነው። አሥራ ስድስት ነው። ቆጥረሽ ነው የወሰድሽው።»

ፍላሹን ሰክቶ እንዲያየው ለመንኩት። አልነካውም። ጣቱን ከኋላው ወዳለው ወረቀት ቀሰረ፤ «የተጫነ አይመለስም» ይላል። ብሩን አልፈልግም፣ ቀሪዎቹን 8 ብቻ ጫንልኝ አልኩት። «የለም» አለ። የለም! ከዚያ አባዬ ጠጋ አለና፣ ድሮ ክፍል ውስጥ በሚናገርበት ድምፅ፣ «ልጄ፣ የለኝም ብትል እኮ እንጠብቅህ ነበር። ስንት ዓመት የጠበቅነው ነገር ነው» አለው።

ልጁ አንዱን ጆሮ ብቻ ነቀል አድርጎ፣ «ፋዘር፣ አታካብደው» አለ። አንተ አለው። ጸጉሩ የሸበተውን ሰው፣ እንዳንድ የሰፈር ጓደኛው። ቀጥሎም፣ እያዛጋ፣ የድራማውን መጨረሻ በአራት ቃል ነገረው። ማን ምን እንደሚሆን። አራት ቃል። አጠገቡ ያለው ልጅ ሳቀ። «በቃ አየኸው ማለት ነው» አለና ማዳመጫውን መልሶ ሰካ።

አባዬ ምንም አላለም። ፍላሹን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ፣ እርጥብ ነበር፣ በኮቱ ጫፍ ጠረገው፣ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። እኔ ግን መጮህ ነበረብኝ። ለ600 ብር ስንጨቃጨቅ አፌ የተከፈተ፣ አባቴ ሲዋረድ ተዘጋ። ከኋላችን ወረፋ የያዘ ሰው ነበር፣ እሱንም «እንዳታስጭን» ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። ባጃጅ ውስጥ ሆነን አጂፕን እስክናልፍ ድረስ አባዬ በመስኮቱ ዝናቡን ሲያይ ቆየና፣ «መልሱን ነገረኝ። እኔ ማየት የፈለግኩት ስሌቱን ነበር» አለ። ከዚያ ወዲህ አልተናገረም።

ብሩ ይቅር። ፊልም የሚጭኑትን ሁሉ ሌባ ናቸው እያልኩም አይደለም፤ የለኝም የሚል ሐቀኛ ልጅ አይጠፋም። ግን ተጠንቀቁ። በሁለት የተከፈለ የመጨረሻ ሲዝን ስታስጭኑ ፋይል አትቁጠሩ፤ የሁለተኛውን ግማሽ መጀመሪያና የመጨረሻውን ፋይል እዚያው ቆማችሁ አስከፍቱ፣ መጠናቸውንም አስተያዩ። ሶፕራኖስ 12 እና 9 ነው፣ ማድ ሜን 7 እና 7፣ ቤተር ኮል ሶል 7 እና 6። ዎኪንግ ዴድ ጭራሽ ሦስት ቦታ ነው፣ ስምንት ስምንት። ሳታዩ አትክፈሉ።

ጅማ ውስጥ የብሬኪንግ ባድ ሲዝን 5ን ከ9 እስከ 16 በእጁ የያዘ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ያለበት ድረስ ፍላሽ ይዤ እመጣለሁ። መጨረሻውን የምታውቁ ግን እባካችሁ ከዚህ ስር እንዳትጽፉት። እናቴ ገና አልሰማችም፣ የምታነበውም በእኔ ስልክ ነው።