ዕረፍቴን የበላው ዘይት

ለአራት ሳምንት አገር ቤት ገብቼ አሥራ ሰባቱን ቀን ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ጨረስኩት። ይህን የምጽፈው እልኼ ገና ስላልበረደ ነው። አሮጌ ስፖርት መኪና ያላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ከውጭ መጥታችሁ በአጭር ጊዜ ላሠራት የምትሉ ካላችሁ፣ ቢያንስ እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ።

መኪናዋ የአባቴ ፊያት 124 ስፓይደር ናት። ቀይ፣ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ። ልጅ ሆኜ ከኋላዋ ባለችው ጠባብ ቦታ ተሸጉጬ ነው ያደግኩት። አባቴ ካረፈ በኋላ አጎቴ ድንኳን አልብሶ አቆማት። ባትሪ ሲቀየርላት ሞተሯ ትንሽ አንገራግሮ ተነሳ፤ እኔም እንባዬ መጣ። ፍሬኗ ግን ይይዛል፤ ፔዳሉ ቢለቀቅም አይለቅም። ትንሽ ነድቼ ስወርድ የፊት ቀኝ ቸርኬ እጅ አያስነካም፣ መሪውም ወደዚያው ይጎትታል። ሌላው እግር ደህና ነው። ይቺን «አንድ እግር ብቻ» የምትለዋን ነገር ያዙልኝ።

ይቺ መኪና እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ ስትወጣ አራቱም እግሯ ዲስክ ፍሬን ነበረው። ያኔ ብዙው መኪና ከኋላ በታምቡር ነበር የሚሄደው። ስለዚህ «ፍሬኗ የድሮ ነው፣ በትልቅ ይለወጥ» የሚላችሁን ቶሎ አትስሙ። እኔ ግን ማንም ሳይለኝ ራሴው ነኝ የተሞኘሁት። ሻንጣዬን በብረት ክር የተሸፈነ የፍሬን ቱቦ፣ አዲስ የፍሬን ሸራ፣ አራት ሾክ አብዞርበር፣ አንድ ከረጢት ጎሚኒ ሞልቼ መጣሁ። ለሰው ስጦታ የሚሆን ቦታ እንኳ አልተረፈም፤ እሱም ሌላ ጭቅጭቅ ነው።

የመጀመሪያውን ጋራዥ ስሙን አልጠራም። ንጹሕ ነው። ልጆቹ አንድ ዓይነት ቱታ ለብሰዋል። የተቀበለኝ ልጅ ገና አፌን ስከፍት «ከውጭ ነህ አይደል ብሮ?» አለኝ። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ዋጋውን በወረቀት ጻፍልኝ ስለው «ችግር የለም፣ እንግባባለን» አለ። እኔ ባለሁበት አገር ሳትፈርም ኮፈኑን የሚከፍትልህ የለም፤ ያንን ስረግም ነው የኖርኩት። እናም «እንግባባለን» ስባል አንጀቴ ራሰ። ናፍቆት ሰውን ያሞኛል።

ሁለት ቀን ተባልኩ። በሁለተኛው ቀን ስሄድ «ፖምፓው ሞቷል» አሉኝ፤ ፔዳል ሲረገጥ ዘይቱን ወደ እግሮቹ የሚገፋው ማለታቸው ነው። እሺ፣ ይቀየር። ፖምፓ እስኪፈለግ ሦስት ቀን ሄደ። ተገጠመ፣ አሁንም ይይዛል። «እንግዲያው ካሊፐሩ ነው።» ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ማለት ነው። ካሊፐሩ ተፈታ። ነገ ና። ነገ ስሄድ የፈታው ልጅ ሌላ ቦታ ተልኳል፣ የፈታውን የት እንዳስቀመጠው የሚያውቅ ሰው የለም። ነገ ና። ይዤ የመጣሁትን ቱቦ ለምን አልገጠማችሁም ብዬ ስጠይቅ «አሮጌው ደህና ነው፣ አንተ ለምን ትከስራለህ?» አሉኝ፤ አስቡት፣ ለኔ ኪስ ያዘኑት እዚያች ላይ ብቻ ነው። በአሥረኛው ቀን «አልቋል» ተብዬ ስሄድ መኪናዋ አራቱንም እግሯን ቆልፋ ቆማለች። ስትገባ አንድ እግር ነበር የሚይዛት። አራት ሰው ገፍቶ አላነቃነቃትም።

በመሃል ደግሞ «ሞላውን ቆረጥ አድርገን ዝቅ እናድርጋትና ስፖርት ትሁንልህ» ብለውኛል። ስፖርት ናት እኮ! ሞላ ሲቆረጥ መኪና ዝቅ ማለቷ እውነት ነው። ግን የቀረው ጥምዝ ይጠነክራል፣ ወደ ታች የሚተጣጠፍበት ቦታም ያጥራል፤ ጉድጓድ ሲመጣ ታች ያለው ብረት ላይ ካለው ጋር ይላተማል። ስደርስ ልጁ መጋዙን አንስቶ ነበር። ጮኼ ነው ያስጣልኩት።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። ፖምፓ፣ የካሊፐር ጥገና፣ ጉልበት፣ ዘይት፣ «ምርመራ»። ያላገኙትን በሽታ የምርመራ አስከፈሉኝ! አጎቴ ወረቀቱን አየና ዝም አለ። ወጣ ብሎ እዚያው ያሠራ ወዳጁ ጋ ደወለ። ለተመሳሳይ ሥራ እኔ የተጠየቅኩት የሱን ሦስት እጥፍ ነው። ልከራከር ስል አለቃቸው «ጋሼ፣ ለናንተ እኮ ይሄ ምንም አይደለም» አለኝ። ስገባ ብሮ ነበርኩ፣ ስከፍል ጋሼ ሆንኩ። ከፈልኩ፤ መኪናዋን ለማውጣት ሌላ መንገድ አልነበረም።

ተጭና ነው የወጣችው። አጎቴ አባቴ ዘንድ ይመጡ ወደነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰደኝ። ግቢያቸው ውስጥ ዛፍ ሥር ነው የሚሠሩት። ስልክ አያነሱም፣ ደረሰኝ የሚባል ነገር የላቸውም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቁልፍ አይነኩም። ይህንንም ልጻፈው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ቀን ሰባት ጊዜ ደውዬ ተናድጃለሁ።

ሽማግሌው ጋሼ የፍሬኑን ዘይት ማስቀመጫ ክዳን ከፈቱ። ውስጡ ያለው ጎሚኒ አብጦና ተጨማዶ ተመልሶ አልገባ አለ። ዘይቱን በሁለት ጣት አሻሹት፣ አሸተቱት። «ብርጭቆ ውኃ አምጣ» አሉኝ። የጠማቸው መስሎኝ ሮጬ አመጣሁ። አንድ ጠብታ ጣሉበት። ጠብታው ክብ ሠርቶ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ። ሌላ ጣሉ፣ እሱም ተንሳፈፈ። ከዚያ ከራሳቸው ቆርቆሮ የፍሬን ዘይት ጨመሩ፤ ቁልቁል ወርዶ ውኃው ውስጥ ጠፋ።

«አየህ ልጄ? ይሄ የመሪ ዘይት ነው የሞሉልህ።»

የፍሬን ጎሚኒ የፍሬን ዘይት ብቻ እንዲችል ሆኖ ነው የሚሠራው። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ሲነካው እንደ ስፖንጅ ያብጣል። ፖምፓው ውስጥ ያለው ሲያብጥ ዘይቱ የሚመለስባትን ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ፍሬን አንዴ ከያዘ አይለቅም። አራቱም እግር የተቆለፈው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ዘይት መቀየር ብቻ አይደለም፤ ዘይቱ የነካው የጎማ ዕቃ ሁሉ ይወጣል፣ የብረት ቱቦው በአልኮል ይታጠባል። የከፈልኩበት አዲሱ ፖምፓም ተፈታ።

መጀመሪያ የነበረውስ ችግር? ጋሼ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ስትመጣ የሚይዘው አንድ እግር ነበር ወይስ ሁሉም?» አንድ እግር ነበር ስላቸው የፊት ቀኙን ከጎማ የተሠራ የፍሬን ቱቦ ፈትተው በምላጭ ለሁለት ሰነጠቁት። ላዩ ደህና ነው፣ ስንጥቅ እንኳ የለበትም። ውስጡ ግን አብጦ ተጣብቋል፣ መርፌ አያሳልፍም። ፔዳል ሲረገጥ ጉልበት ስላለው ዘይቱ ያልፋል፤ ሲለቀቅ ግን የሚመልሰው ጉልበት ስለሌለ እዚያው ይቀራል። መፈተሻው ቀላል ነው። ጎማው እንደያዘ የካሊፐሩን አየር ማስወጫ ትንሽ ላላ አድርጉ። ጎማው ከለቀቀ ካሊፐሩ ደህና ነው፣ ዘይት ታፍኗል ማለት ነው። እንደገና ሲይዝ ደግሞ ከቱቦው በላይ ያለውን መጋጠሚያ አላሉ። አሁን ካልለቀቀ ጥፋቱ ቱቦው ነው፤ ከለቀቀ ከላይ ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔን አሥር ቀን ፈጀብኝ፣ ቱቦው ሻንጣዬ ውስጥ ተኝቶ!

የኋላው ፍሬን ሌላ ጉድ ነበረው። የዚች መኪና የኋላ ፒስተን እንደ ፊቱ ተገፍቶ አይገባም፣ እየተጠመዘዘ ነው የሚገባው፤ የእጅ ፍሬኑ መሣሪያ ውስጡ ነው ያለው። የመጀመሪያዎቹ በመጭመቂያ ሊያስገቡት ታግለው አንዱን ጎድተውታል።

ወደ ሞላና ሾኩ ስንመጣ፣ ይዤ የመጣሁትን ጠንካራ ጎሚኒ ጋሼ በጥፍራቸው ጫን ጫን አድርገው ግማሹን መለሱልኝ። ፊት ላይ ይሁን፣ ከኋላ ግን አክሱሉን የያዙት ክንዶች መጠማዘዝ አለባቸው፣ የጎማ ጎሚኒ ይሻላቸዋል አሉ። የወደድኩት ግን ሌላ ነው። የጎማ ጎሚኒዎቹን ዳዶ መኪናዋ ክሪክ ላይ እያለች አላጠበቁም። አወረዷት፣ ሁለት ሰው አስገቡባት፣ ወዲያና ወዲህ ነቀነቋት፣ ከዚያ ከሥር ተኝተው አጠበቁ። እግሯ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መሬት ስትነካ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። እኔ ባለሁበት አገር ይህን ሲያደርግ ያየሁት መካኒክ የለም። እዚያ አሮጌ መኪና ስትወስድ መጀመሪያ የኮምፒውተር መሰኪያውን ይፈልጋሉ፣ ሲያጡት ፊታቸው ይቀየራል።

ትልቅ ዲስክ ልላክልዎት ወይ አልኳቸው። ሳቁና ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር አሳዩኝ። 1409። እ.ኤ.አ. በ2009 አሥራ አራተኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ማለት ነው። እንደ ድንጋይ ደርቋል። አሁን ያለው ፍሬን ጎማውን መቆለፍ ከቻለ ትልቅ ዲስክ ቶሎ አያቆማትም፣ መሬት የሚይዘው ጎማው ነው። ሳቅሁ፣ ግን አፍሬያለሁ።

የፍሬን ዘይቱን በተመለከተ ዶት 4 የሚባለው ዓይነት ነው የተሞላው። አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል። ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ያኔ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወለል የሚነካው እንዲህ ሲሆን ነው። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ነው፣ ከዚህ ጋር አታደባልቁት። 5.1 ግን ስሙ ቢመሳሰልም ከ4 ወገን ነው።

ሥራው አምስት ቀን ፈጀ፣ በጋሼ አቆጣጠር አምስት ጠዋት። የተከፈለውን አልናገርም፣ የመጀመሪያዎቹ «ምርመራ» ካሉት ያንሳል። በመጨረሻው ሳምንት ጣሪያዋን አጥፌ አጎቴን ጎኔ አስቀምጬ ነዳኋት። እጄን ከመሪው ብድግ አድርጌ ፍሬን ያዝኩ፤ ቀጥ ብላ ቆመች። የእጅ ፍሬኑ ገና ነው፣ ለተጎዳው ካሊፐር ዕቃ ልልክላቸው ነው። እስከዚያ አጎቴ ዳገት ላይ ሲያቆማት ድንጋይ ያስደግፋል።

የተረፈውን የፍሬን ዘይት ደግሞ ማንም እንዳይነካው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ጋሼ የተከፈተ ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ጣለው ብለውታል። ትናንት ደውዬ ጠየቅኩት፤ አልጣለውም።