ሦስት ዕቃዎች ከስድስት ዓመት በኋላ፦ ባለ አንድ እጀታ ቧንቧ፣ ኮምፖዚት ሲንክ፣ ፋይበርግላስ የሻወር ገንዳ

የቧንቧ ዕቃ ገዝቶ በሳምንቱ አምስት ኮከብ የሚሰጥ ሰው ምን አይቶ እንደሆነ አይገባኝም። በሳምንቱ ሁሉም ያበራል። በሳምንቱ አንዱም አይንጠባጠብም። እኔ ማድ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን ካደስኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፣ ያኔ የገዛኋቸው ሦስት ዕቃዎች ዛሬም እቤት አሉ፣ ስለዚህ አሁን አፌን ሞልቼ መናገር የምችል ይመስለኛል።

ሦስቱም ካርቶናቸው ላይ «ፓተንት ያለው» የሚል ተጽፎባቸው ነበር። ያን ጊዜ ይህን ሳይ ልቤ ሞቀ፣ አንድ አካል መርምሮ ጥሩ ነው ያለው መስሎኝ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ፓተንት ማለት ሐሳቡ አዲስ ነው፣ ከዚህ በፊት ማንም አላቀረበውም ማለት ነው። ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ካመለከተበት ቀን አንስቶ ለ20 ዓመት ሌላው እንዳይሠራው መከልከል ይችላል፣ በምትኩ አሠራሩን ከነሥዕሉ ዘርዝሮ ለሁሉም ይፋ ያደርጋል። ዕቃው ይበረክታል ወይ? ፋብሪካው በጥንቃቄ ሠርቶታል ወይ? ይህን ከወረቀቱ አታገኙትም። እኔ አሁን የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ይህን የነደፈው መሐንዲስ መጀመሪያ የሚያልቀው የቱ ክፍል እንደሆነ አስቦበታል ወይ? ሲያልቅስ እኔ ምን እንደማደርግ?

ከቧንቧው ልጀምር። ይህንን ያለምንም ማመንታት ግዙ እላለሁ።

ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ነው። እጀታውን ስታነሱት ውሃ ይመጣል፣ ወደ ግራ ስትወስዱት ይሞቃል፣ ወደ ቀኝ ይቀዘቅዛል። ዛሬ ይህ ለማንም ብርቅ አይደለም። ግን አንድ ወጣት በጣም ለፍቶበታል፣ አልፍሬድ ሞን የሚባል አሜሪካዊ። እ.ኤ.አ. በ1937 የምህንድስና ትምህርቱን ለመክፈል ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። ከሥራ በኋላ እጁን ሊታጠብ ባለ ሁለት እጀታውን ቧንቧ ሲከፍት የሚያቃጥል ውሃ እጁ ላይ ወረደበት። ሙቁና ቀዝቃዛው በአንድ እጀታ ተመጥኖ የሚወጣበትን መንገድ ማሰብ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የመጀመሪያው ንድፉ አልሠራም። ደጋግሞ ሣለ፣ በመሃል ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባና ነሐስ ጠፋ፣ ቧንቧው ለሽያጭ የወጣው በ1947 ነው። በሕይወት ዘመኑ ከ75 በላይ ፓተንቶች አግኝቷል፣ እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የማመሰግነው ተነቅሎ ስለሚቀየረው ካርትሪጅ ነው፣ ከእጀታው ሥር ተቀምጦ ውሃውን ስለሚከፍተውና ስለሚዘጋው ክፍል።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የድሮውን ቧንቧ ማስታወስ ነው። እየተጠመዘዘ የሚዘጋው ቧንቧ እ.ኤ.አ. በ1845 እንግሊዝ ውስጥ ፓተንት የወጣበት ነው፣ ጫፉ ላይ ያለው ጎሚኒ የነሐሱ መቀመጫ ላይ ተጭኖ ውሃውን ይዘጋል። በዘጋችሁት ቁጥር ጎሚኒው ይጨመቃል፣ ይበላል። መንጠባጠብ ሲጀምር ደግሞ ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነው፣ አጥብቀን እንዘጋዋለን። ያኔ ጎሚኒው ጭራሽ ይቆረጣል። ነገሩ ከቆየ ውሃው መቀመጫውን ራሱን ይቦረቡረዋል፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ጎሚኒ ብትገዙም አይዘጋም።

የእኔ ቧንቧ ካርትሪጅ ውስጥ ጎሚኒው ሳይሆን ሁለት የሴራሚክ ዲስኮች ናቸው ውሃውን የሚዘጉት። ከአልሙኒየም ኦክሳይድ የተሠሩ ናቸው፣ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 9 ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው፣ ከላዩ ያለው 10 አልማዝ ነው። ፊታቸው በጣም ስለተለሰለሰ አንዱ ሌላው ላይ ሲተኛ ውሃ ማለፊያ አያገኝም። ቀዳዳዎቻቸው ሲገጣጠሙ ይፈሳል፣ ሲተላለፉ ይቆማል። ስለዚህ ማጥበቅ የሚባል ነገር የለም፣ በአንድ ጣት ትዘጉታላችሁ።

አራት ዓመት ምንም ሳይል ሠራ። ከዚያ ውጭ ያለው ዋና መስመር ተቆርጦ ተጠገነ፣ ውሃው ሁለት ቀን ደፍርሶ መጣ፣ በሳምንቱ ቧንቧው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

ራሴ ለመፍታት ወሰንኩ። ከሲንኩ ሥር ያሉትን ሁለት መዝጊያዎች ዘጋሁ። እጀታው ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጥብ ያላት ትንሽ ክዳን አለች፣ በጥፍሬ ፈልቅቄ አነሳኋት፣ ከሥሯ ባለ ስድስት ማዕዘን ብሎን አለ። እሱን ሳላላው እጀታው ወጣ። ቀጥሎ ያለው የሚያብረቀርቅ ሽፋን በእጅ ተፈታ፣ ከሽፋኑ ሥር ያለውን የነሐስ ቀለበት በመፍቻ አዞርኩት፣ ካርትሪጁም ብቅ አለ። ለማየት ጓጉቼ ስለነበር ገልጬ ዲስኮቹን ብርሃን ላይ ያዝኳቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ፊቴን ያሳያሉ! በመሃላቸው ግን የመርፌ ጫፍ የምታህል አሸዋ ተቀርቅራለች። አሸዋ ኳርትዝ ነው፣ ጥንካሬው 7 ስለሆነ ዲስኩን መቧጨር አይችልም፣ ግን ሁለቱ ፊቶች እንዳይገጥሙ ከፍቶ ይይዛቸዋል። አጥቤ ልመልሰው አስቤ ነበር፣ ከታች ያሉት ትንንሽ ጎሚኒዎች ደርቀው ሳይ አዲስ ካርትሪጅ ገዛሁ።

ለመግዛት ከመሄዳችሁ በፊት የአሮጌውን ወርድ ለኩ። በብዛት ያሉት 35 እና 40 ሚሊሜትር ናቸው፣ የእኔ 35 ነበር። ደግሞ አሮጌውን ይዛችሁት ሂዱ፣ ምክንያቱም ወርዱ አንድ ሆኖ ቁመቱ ወይም የሥር ቀዳዳዎቹ የሚለያዩ አሉ። ሲገባ ከሥር ያሉት ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ማረፊያቸው ውስጥ መግባታቸውን በእጃችሁ አረጋግጡ፣ ካልገቡ ቀለበቱን ስታጠብቁ ይሰበራሉ። ሁሉም ነገር ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ቧንቧው ዛሬ እንደ አዲስ ነው። አንድ መሐንዲስ «ይህ አንድ ቀን ያልቃል፣ ሰውየው ግድግዳ ሳያፈርስ፣ ሙሉ ቧንቧውን ሳይጥል ይቀይረው» ብሎ ካሰበ ልዩነቱ እንዲህ በእጅ ይዳሰሳል።

የጫፉን ወንፊትም ሳልጠቅስ አላልፍም። ውሃው ውስጥ አየር እየቀላቀለች ሳይረጭ ለስለስ ብሎ እንዲወርድ የምታደርገው እሷ ናት። ባልዲ ይዤ ለካሁት፦ ወንፊቷ ሳትኖር 10 ሊትር ለመሙላት 45 ሰከንድ ገደማ፣ ስትኖር 1 ደቂቃ ከ40። ለእጅና ለዕቃ ማጠብ ልዩነቱ አይታወቅም፣ ባልዲ ለሚሞላ ሰው ግን ይታወቀዋል። ውሃው ሲቀጥን ፈትታችሁ ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሯት። ውሃ ደፍርሶ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ እሷን ፍቱና ቀዝቃዛውን ለጥቂት ደቂቃ ልቀቁት፣ ቆሻሻው ወንፊቷ ላይ ሳይታገድ ይውጣ። እኔ ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ካርትሪጁ ገና ይቆይ ነበር።

ሲንኩ ጥቁር ኮምፖዚት ነው። ብዙ ሰው «ግራናይት» ይለዋል፣ ግን ከድንጋይ ተቆርጦ የወጣ አይደለም። ወደ 80 በመቶው የተፈጨ ኳርትዝ ነው፣ ቀሪው አክሪሊክ ሬዚን፣ ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ ሲደርቅ የሚጠነክር የፕላስቲክ ዓይነት። ድብልቁ ፎርማ ውስጥ ይፈስሳል፣ በሙቀት ይደርቃል፣ አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል። ይህን ዓይነት ሲንክ እ.ኤ.አ. በ1979 ያመጣው ሾክ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ነው። ኮምፖዚት የሚባለውም ለዚህ ነው፣ ድንጋዩ ጥንካሬውን ያመጣል፣ ሬዚኑ አያይዞ ይይዘዋል፣ ለየብቻቸው ሲንክ አይሆኑም።

በሦስተኛው ወር ደንግጬ ነበር። ሥሩ ላይ ግራጫ መስመሮች አየሁ፣ ተጫረ ብዬ አዘንኩ። ዱቄት ሳሙናና ሻካራ ስፖንጅ ይዤ ቀስ ብዬ ስፈትገው መስመሩ ጠፋ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ብረቱ ሲንኩን አልጫረውም፣ ሲንኩ ነው ብረቱን የሞረደው። ኳርትዝ ከማንኪያና ከድስት ብረት ስለሚጠነክር የብረቱ ብናኝ ድንጋዩ ላይ ይቀራል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ እውነተኛ ጭረት አላገኘሁበትም። ሙቀትም ችሏል፣ የእኔ እስከ 280 ዲግሪ ይችላል ተብሎ የተጻፈበት ነው፣ ትኩስ ድስት በቀጥታ አስቀምጬበት ምንም አልሆነም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛ ጥቁር ቀለም ላይ የውሃ ጨው ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ውሃችሁ ጨዋማ ከሆነ ማታ ማታ በጨርቅ ካላደረቃችሁት በወሩ ግራጫ ሲንክ ነው የሚኖራችሁ። እንደገና ብገዛ ፈካ ያለ ቀለም እመርጣለሁ። ሁለተኛ፣ ጭረት አይፈራም፣ ምት ግን ይፈራል። ከባድ የብረት ክዳን ከእጄ አምልጦ የማዕዘኑን ጠርዝ መታው፣ የጥፍር ግማሽ የሚያህል ተፈነጠረ። በኤፖክሲ ሙጫ ሞላሁት፣ ከሩቅ አይታይም፣ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል። አይዝጌ ብረት ቢሆን ይጎደጉድ ነበር እንጂ አይፈነጠርም።

አሁን ወደ ሻወር ገንዳው። እዚህ ላይ ተናድጃለሁ፣ ምክንያቱም ከሦስቱ በስተጀርባው ትልቁ ፈጠራ ያለው እሱ ነው።

ፋይበርግላስ የተገኘበት መንገድ ራሱ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1932 ዴል ክላይስት የተባለ ወጣት የመስታወት ጡቦችን ለማያያዝ ሲሞክር የታመቀ አየር የቀለጠውን መስታወት መታውና በተነው፣ እንደ ፀጉር ቀጭን ክር ሆነ። አብሮት የሚሠራው መሐንዲስ ጌምስ ስሌይተር ይህን አይቶ አላለፈውም፣ በብዛት የሚመረትበትን መንገድ ነድፎ በ1938 ፓተንቱን አገኘ። ክሩ ብቻውን ይታጠፋል፣ ሬዚን ብቻውን ይሰነጠቃል፣ ሁለቱ ሲዋሃዱ ግን ጀልባ ይሆናሉ፣ የንፋስ ተርባይን ክንፍ ይሆናሉ። ገንዳ ሲሠራ መጀመሪያ ፎርማው ላይ ጄልኮት ይረጫል፣ እኛ የምንቆምበት አብረቅራቂው ፊት እሱ ነው። ከዚያ የተቆራረጠ የመስታወት ክርና ሬዚን አብሮ ይረጫል፣ ሠራተኛው በሮለር እየዳመጠ አየሩን ያስወጣል። ሁሉ ነገር ያለው እዚህ ዳመጣ ላይ ነው። እጁ ከቸኮለ አየር ይቀራል፣ ሬዚኑ ካነሰ ክሩ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፣ ከላይ ደግሞ ምንም አይታይም።

የእኔ ገንዳ በሁለተኛው ዓመት ስቆምበት መሃሉ ሲጢጥ ማለት ጀመረ። በሦስተኛው የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ በውኃ መውጫው ዙሪያ ወጣ። የሸጠልኝን ድርጅት ጠራሁ፣ የመጣው ሰው አየና «አገጣጠሙ ነው» ብሎ ሄደ። የገጠመልኝ ቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ ዕቃው ነው አለ። በመጨረሻ በዚህ ዓመት ራሴ አስነሳሁትና ገልብጬ አየሁት።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ከሥሩ ሲሚንቶው አራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ ነው የተደረገው፣ መሃሉ ባዶ ነው፣ ስለዚህ በቆምኩበት ቁጥር ይታጠፍ ነበር። ግን ጀርባውን በባትሪ ሳየው ሬዚን ያልነካቸው ነጫጭ የክር ጉንጉኖች በየቦታው አሉ። በካቻቪቴ ጫፍ ስነካካው አንዱ እንደ ጥጥ ተነሳ። ውኃ መውጫው አጠገብ ውፍረቱ ከሌላው ግማሽ ያህል ነው፣ የተሰነጠቀውም እዚያው ላይ ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፓተንት ስለ ውኃ መውጫው ክዳን ነበር። ክዳኑ እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም።

የሚያስቆጨው መፍትሔው አዲስ አለመሆኑ ነው። ዊሊያም ሲማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1990 ፓተንት ያገኘበት አሠራር አለ፦ ደረቁ ክር ፎርማው ላይ ይነጠፋል፣ በፕላስቲክ ከረጢት ይሸፈናል፣ አየሩ በፓምፕ ይወጣል፣ ከዚያ ሬዚኑ ራሱ እየተሳበ ክሩን ሁሉ ያርሳል። ሮለር የለም፣ የሠራተኛው እጅ ቢደክም ባይደክም ለውጥ የለውም፣ የሬዚኑ ሽታም አብዛኛው ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል። ያ ፓተንት ዕድሜው አልቋል፣ ማንም ሊሠራበት ይችላል። ለርካሽ ገንዳ ጊዜ ይወስዳል፣ ይገባኛል፣ ግን ሬዚን በሁለት ፎርማዎች መሃል እየተገፋ የሚገባባቸው ገንዳዎችም አሉ፣ እነሱ ፊታቸውም ጀርባቸውም ለስላሳ ስለሆነ በዓይን ትለዩአቸዋላችሁ።

አዲስ ለመግዛት ስዞር ሻጮቹን ገንዳውን እንዲገለብጡልኝ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ቅር ይለዋል። በጣቴ ከዳር እስከ ዳር አንኳኳለሁ፣ ድምፁ በድንገት ባዶ ከሆነ እተወዋለሁ፣ ነጭ ክር ካየሁም እተወዋለሁ። እስካሁን አራት አስገልብጫለሁ። አንዱን ወድጄዋለሁ፣ ጀርባው እንደ ፊቱ ለስላሳ ነው፣ ውኃ መውጫው ዙሪያ ወፈር ተደርጎ ተሠርቷል። ሲገጠም ቆሜ ነው የማየው፣ ሲሚንቶው መሃሉም ላይ እስኪሞላ ድረስ።