ጌሚንግ ላፕቶፕ በ70 ሺህ ብር፦ ፓክዱ ወይስ ያገለገለው?

ሰሞኑን ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «70 ሺህ ብር አለኝ፤ ጌም የሚያጫውት ላፕቶፕ የቱን ልግዛ?» የሥራ ባልደረቦቼ ይጠይቁኛል፣ የአክስቴ ልጅ ትጠይቀኛለች፣ የጓደኞቼ ልጆችም እንዲሁ። ለእያንዳንዱ ከምደጋግመው እዚህ ልጻፈው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። በዚህ ብር ፓክድ፣ ማለትም ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ አትግዙ። ጂቲኤክስ 1650 የሚባለው የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል) ያለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የተሠራ፣ ስላይትሊ ዩዝድ (ጥቂት ያገለገለ) ጌሚንግ ላፕቶፕ ግዙ።

ይህን የተማርኩት ገንዘብ ከስሬ ነው። ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ሲያልፍ ላፕቶፕ ልገዛለት ቃል ገብቼ ነበር። 68 ሺህ ብር ይዘን ወጣን። ሻጩ «ኮር አይ ሰቨን፣ 16 ራም፣ 8 ጊጋ ግራፊክስ፣ ፓክድ» አለን። ላስቲኩን እፊታችን ቀደደው። ደስ ብሎን ገዛን። ማታ የእግር ኳሱን ጌም ኤፍሲ 24ን ጫንን። ጌሙ 100 ጊጋ ቦታ ስለሚፈልግ ወንድሜ ከጓደኛው በሃርድ ዲስክ ነበር ገልብጦ ያመጣው። ተከፈተ፤ ግን ስታክ ያደርጋል። ኳሷ እየዘለለች ነው የምትሄደው። ተጫዋቹ ሲመታ አይታይም፤ መረቡ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው የምናያት። ወንድሜ «መጀመሪያ ስለሆነ ነው፣ ይስተካከላል» እያለ እኔን ያጽናናኝ ጀመር። ከገንዘቡ ይልቅ እሱ ነው አንጀቴን የበላው። በሳምንቱ መልሰን ስንሸጠው 53 ሺህ አወጣ። በሰባት ቀን 15 ሺህ ብር ሄደ።

«8 ጊጋ ግራፊክስ» የተባለው ምን እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ምስሉን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ይቺ ክፍል የራሷ ሚሞሪ የላትም፤ ከራሙ ትበደራለች። 16 ራም ካለ ዊንዶውስ «እስከ 8 ጊጋ መበደር ይቻላል» ብሎ ይቆጥረዋል። ሻጩ ያሳየን ይህንን ቁጥር ነበር።

ማጣራቱ ደግሞ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈቱና በግራ በኩል ወደ ታች ውረዱ። ጂፒዩ (ግራፊክሱ ማለት ነው) የሚለው አንድ ብቻ ሆኖ ስሙ ኢንቴል ዩኤችዲ ወይም አይሪስ ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ። ኤንቪዲያ የሚል ካለ እሱን ንኩት። «ዴዲኬትድ» (የካርዱ የራሱ ሚሞሪ) ከሚለው ጎን 4 ጊጋ ገደማ መኖር አለበት። «ሼርድ» የሚለውን፣ ያንን ከራሙ የሚበደረውን፣ ከነጭራሹ አትዩት። ስሙ ላይ ኤምኤክስ የሚል ካያችሁም ተዉት፤ ኤንቪዲያ ቢሆንም ለጌም አቅም የለውም።

አሁን ወደ ዋጋው። ቦሌና መገናኛ ዞሬ፣ ቴሌግራም ላይም ጠይቄ ያገኘሁት ይህ ነው። ከ65 እስከ 75 ሺህ ባለው ፓክድ ሁሉ የቢሮ ላፕቶፕ ነው፤ ኤክሴልና ፊልም ያሳምራል፣ ጌም ላይ ግን ያንኑ የእኔን ታሪክ ይደግማል። እውነተኛ አዲስ ጌሚንግ፣ አርቲኤክስ 3050 ካርድ ያለው፣ ከ115 ሺህ በታች አላገኘሁም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል። ከዚያ በፊት የተጻፈ የዋጋ ምክር ካያችሁ አትመኑት። ያገለገለ 1650 ግን ከ58 እስከ 66 ሺህ ይገኛል። 1660 ቲአይ በ75 ሺህ ካገኛችሁ 5 ሺህ ተበድራችሁም ቢሆን ውሰዱት። ሚሞሪው 6 ጊጋ ነው፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

በ45 ሺህ ጂቲኤክስ 1050 ካርድ ያለው የሚያጓጓ ላፕቶፕ ታገኛላችሁ። አብዛኛው ሰባተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ነው። ዊንዶውስ 11 ኢንቴል ላይ በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ አብቅቷል። ርካሽነቱ ለዚህ ነው።

ብዙዎች «ዎርክስቴሽኑስ?» ይሉኛል። የኤችፒ ዜድቡክና የዴል ፕሪሲዥን ላፕቶፖችን ማለታቸው ነው። ለአርክቴክትና ለቪዲዮ ኤዲተር የተሠሩ ናቸው። ሰውነታቸው ጠንካራ ነው፣ አከብራቸዋለሁ። ኳድሮ ፒ1000 ካርድ ያለውን በ55 ሺህ ጠርተውልኛል። ለጌም ግን ካርዱ ከ1050 ብዙም አይርቅም። 6 ሺህ ጨምሮ 1650 መግዛት ይሻላል። ልጁ አርክቴክቸር የሚማር ከሆነ ብቻ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

አሜሪካ ወይም ዱባይ ዘመድ ያለው ሰው ነገሩ ይለያል። ቅናሽ ሲኖር በ600 ዶላር የሚገኝ አዲስ ጌሚንግ አለ፤ ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው 90 ሺህ ይመጣል። አቅሙ ካላችሁ ጥሩ ነው። ግን ዕቃው ችግር ካለበት ማን መልሶ ይወስደዋል? ዋስትናው ከተገዛበት አገር አይወጣ ይሆናል። ከጎረቤቴ ልጅ ጋር የሆነው ይኸው ነው፤ ስክሪኑ በሁለተኛው ወር መስመር አወጣ፣ መልሶ የሚወስድ መንገደኛ ጠፋ።

ያገለገለውን ስትገዙ ዋናው ነገር ሱቁ ውስጥ መቆየት ነው። ሁለተኛውን ስንገዛ ወንድሜ ጌሙን በሃርድ ዲስክ ይዞ ሄደ። ግማሽ ሰዓት እንጫወት አልን። አንዱ ሱቅ እሺ አላለም፤ ወጣን። ሌላው ወንበር ሰጠን። በ10 ደቂቃው የጎኑ አየር መውጫ እጅ የማያስጠጋ ሆነ፣ ፋኑ ጮኸ፣ ጌሙም መጎተት ጀመረ። ባለሱቁ ራሱ «አቧራ ነው» ብሎ ቴክኒሺያን ጠራ። የታች ክዳኑ ሲከፈት ፋኑና የመዳቡ ክንፎች መሐል እንደ ጥጥ የተነጠፈ አቧራ ነበር። ሰውዬው በጥፍሩ ሲስበው አንድ ላይ ተያይዞ ወጣ። የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ጠርጎ አዲስ ቀባ። 1,200 ብር ከፈልን። እንደገና ግማሽ ሰዓት ተጫወትን፤ አልጎተተም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ጽዳቱን በየዓመቱ አስደርጉ። ላፕቶፑን 61 ሺህ ከፍለን ወሰድነው።

አንድ ነገር ግን ረሳን፦ ቻርጀሩን። አብሮት የመጣው በወሩ ተቃጠለ። 2,800 ብር ከፍዬ ሌላ ገዛሁ። ላዩ ላይ 150 ዋት ይላል፤ በእጅ ሲመዘን ግን የድሮውን ግማሽ አይሆንም። ተሰክቶም እያለ ወንድሜ ሲጫወት ባትሪው ከ100 ወደ 60 ይወርድ ነበር። ኮፒ ቻርጀር የሚታወቀው በዚህ ነው፤ የተጻፈበትን ኃይል አይሰጥም። ሙቀቱም ያስፈራል። ኦሪጅናሉን ፈልጌ 6,500 አወጣሁ። ሲደመር 71,500 ብር ሆነ።

እናንተ 61 ሺህ ስትባሉ መጀመሪያ ቻርጀሩን አንሱና መዝኑት። ላፕቶፑን በደንብ የሚያውቅ ሰው ካላችሁ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ዋት ላፕቶፑ ከሚፈልገው ጋር ያመሳክርላችሁ። ጌሙን ክፈቱ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ ባትሪው እየወረደ መሆኑን እዩ። ከወረደ 6,500ውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። አልቀንስም ካለ ሌላ ሱቅ አለ።